የኪንግስተን ቡልዶዘር፣ የጭላሎ ትራክተር

ሬጌ በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ይህን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፤ «ለመሆኑ እነዚህ ጃማይካውያን ስለ አገራችን ይህን ያህል የዘፈኑት ምን ቢያዩብን ነው?» ጠያቂው መልሱን በኪሱ ይዟል፤ ከድምፁም ኩራቱ ይሰማል። በተለይ «ዘ አቢሲኒያንስ» የተባለው የሦስት ድምፃውያን ቡድን ከተነሣ ክርክር ያለ አይመስለውም። ስማቸውን ከእኛ ወስደዋል፤ የታወቁበት ዘፈን ርዕሱ አማርኛ ነው፤ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል ይላል። እዚህ አሰላ ደግሞ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በበቆጂ አልፎ በዶዶላና በኮፈሌ የሚወርደው መንገድ መድረሻው ሻሸመኔ ነው፤ ሻሸመኔም ውስጥ ጃማይካ ሰፈር አለ። በዚችው አሰላ አያቱ ጭሰኛ የነበሩ ሰው ግን ያንኑ ዜማ ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። «እኛን በገዛ ቀያችን ጭሰኛ ያደረገው ሥርዓት ቁንጮ ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ እንደ አምላክ ያወደሱ ሰዎች ምናችን ናቸው?» ይላል።

ኩሩውም የተቆጣውም አንድ ስሕተት የሚጋሩ ይመስለኛል። ሁለቱም ዘፈኑ ስለ እኛ መሆኑን ሳይጠራጠሩ ነው የሚነሡት፤ አንዱ ለምስጋናው አጸፋ ሲመልስ ሌላው ምስጋናው ለተሳሳተ ሰው ሄደ ብሎ ይከሳል። እኔ የአቢሲኒያንስ ዘፈኖች ስለ ጃማይካ ናቸው ባይ ነኝ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ መሬት፣ ከመሬት ስለ መነቀልም። ይህን ለመረዳት ከአርሲ ደገኛ የቀረበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ከቡድኑ ታሪክ ልጀምር።

የ90 ፓውንዱ ቴፕ

ቡድኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1968 ኪንግስተን ውስጥ ነው። በርናርድ ኮሊንስና ዶናልድ ማኒንግ ጀመሩት፤ የዶናልድ ወንድም ሊንፎርድ ሦስተኛው ድምፅ ሆነ። ሊንፎርድ ከሌላው ወንድማቸው ከካርልተን ጋር «ካርልተን ኤንድ ዘ ሹስ» በተባለ ቡድን ውስጥ ዘፍኗል፤ የዚያ ቡድን «ሃፒ ላንድ» የሚባል ዘፈን ለአቢሲኒያንስ ትልቁ ዘፈን መነሻ ሆኗል። «ሰጠ አመሰገነ»ን እ.ኤ.አ. በማርች 1969 ስቱዲዮ ዋን ገብተው ቀረጹት። ዜማው ዝግ ያለ ነው። ሦስቱ ድምፆች አንዱ ሌላውን ሳይቀድም አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ትዝታ ሲሰማ ላደገ ጆሮ ሐዘኑ ወዲያው ይገባል። የሚዘምሩለት አገር ሩቅ ነው፤ ከዮሐንስ ራእይ እንደተቀዳው፣ ቀን እንጂ ሌሊት የሌለበት አገር። (ጥቅምት ላይ ጭላሎ ሥር ያደረ ሰው ሌሊቱንም ውርጩንም ስለሚያውቅ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።)

የስቱዲዮው ባለቤት ክሌመንት ዶድ፣ በሙያ ስሙ ኮክሰን፣ ዘፈኑ ይሸጣል ብሎ አላመነም። ቴፑን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ረሳው። ሦስቱ ወጣቶች የገዛ ድምፃቸው ያለበትን ቴፕ 90 ፓውንድ ከፍለው ገዙትና እ.ኤ.አ. በ1971 «ክሊንች» በሚል በራሳቸው ስያሜ ሸክላውን አወጡት። ዘፈኑ ተወዳጅ ሲሆን ያ ያልፈለገው ዶድ በዚያው የቤዝ መስመር ላይ ሌሎች ሸክላዎች ማተም ጀመረ። ሌሎች ፕሮዲዩሰሮችም ተከተሉ። ጃማይካ ውስጥ አንድ የተወደደ የቤዝና የከበሮ ጉዞ ደጋግሞ መታተሙ የተለመደ ሥራ ነው፤ «ሰጠ አመሰገነ» ደግሞ እጅግ ከተደጋገሙት አንዱ ሆነ። ለባለቤቶቹ ምን ደረሳቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም፤ አገሪቱ የራሷን የቅጂ መብት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የኪንግስተን ስቱዲዮ አሠራር ለአርሲ ሽማግሌ ቢነገር አዲስ አይሆንበትም፤ ዘፋኙ ዘሩንም በሬውንም ጉልበቱንም ያመጣል፣ ባለ ስቱዲዮው አውድማው የእኔ ነው ብሎ ምርቱን ያነሣል። በነገራችን ላይ፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የመንግሥት ተቋም ብቻ ነው የሚለውን ደንብ ተዳፍሮ የራሱን አምሃ ሪከርድስ ከፍቷል። አምሃና አቢሲኒያንስ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ አያውቁም ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። በዚያው በስቱዲዮ ዋን «ዴክላሬሽን ኦፍ ራይትስ» የተባለውን ቀረጹ፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ። ርዕሱ እንደገና አማርኛ የሆነ «ይመስገን»ም ተከተለ። የመጀመሪያ አልበማቸው ክላይቭ ሃንት በፕሮዲዩሰርነት የሠራው ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሸክላ ማሳተም ከጀመሩ ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1978 «አራይዝ» የተባለውን አልበም የቨርጂን ኩባንያ «ፍሮንት ላይን» በሚለው ስያሜው አሳተመላቸው። ከዚያ ተኳረፉ፣ ተለያዩ፤ አንድ ሰሞን በአንድ ስም የሚዞሩ ሁለት ቡድኖች እስከ መኖር ተደረሰ። ለሃምሳ ዓመት ያህል ስማቸውን ያቆየው ያቺው መደርደሪያ ላይ የተረሳችው ቴፕ ናት፤ ዛሬ የራስ ተፈሪያን ማኅበርተኞች በጉባኤያቸው እንደ መዝሙር ይዘምሯታል። ሦስት ሰዎች በአንድ ዘፈን ዕድሜ ልካቸውን ተኖረባቸው ማለት ይቻላል፤ ኖሩበት ለማለት ግን ይከብዳል።

ንጉሡ በሄዱበት ዓመት

አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን የገቡት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በፓሊሴዶስ አውሮፕላን ማረፊያ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ንጉሡ ወዲያው መውረድ አልቻሉም፤ ከራስ ተፈሪያኑ ሽማግሌዎች አንዱ የሆነው ሞርቲሞ ፕላኖ ደረጃውን ወጥቶ መንገድ እንዲከፈት አደረገ። የዚያ ቀን ፎቶግራፍ የብዙ ጃማይካዊ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። እኛም ይህን ታሪክ እንወደዋለን፤ ስንተርከው ግን ሁልጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እናቆመዋለን።

ከሦስት ወር በኋላ የሆነውን ማን ይተርክ? በሐምሌ ወር የጃማይካ መንግሥት ምዕራብ ኪንግስተን ውስጥ ባክ ኦ ዎል የተባለውን የድሆች መንደር በቡልዶዘር አረሰው። ከቆርቆሮና ከጣውላ በተሠሩት ቤቶች ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ራስ ተፈሪያን ናቸው። በቦታው ቲቮሊ ጋርደንስ የሚባል አዲስ ሰፈር ተሠራ፤ የተባረሩት ግን አልገቡበትም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1963 የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ በሚባል ቦታ፣ የአንድ ትልቅ ርስት መሬት አቋርጦ ማለፍ ይቻላል አይቻልም በሚል የቆየ ጠብ ደም ፈሰሰ፤ ወዲያው ፖሊስና ወታደር ከነገሩ ጋር ንክኪ የሌላቸውን ራስ ተፈሪያን ሳይቀር ከየቤቱ እየለቀመ ደበደበ፣ አሰረ፣ ጸጉራቸውን ላጨ። የጃማይካ መንግሥት ስለዚህ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ድብደባው ሲፈጸም ደሴቲቱ ነጻ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር፤ የደበደባቸው እንግዲህ የራሳቸው ባንዲራ ነው።

አቢሲኒያንስ የተነሡት ከዚህ መሐል ነው። አያቶቻቸው በባርነት የመጡት በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ እንጂ ከእኛ አይደለም፤ አማርኛ የአንዳቸውም የዘር ቋንቋ አልነበረም። ዶናልድ ማኒንግ ግን አማርኛን ሆን ብሎ ተማረው። በእንግሊዝኛ የተፈረደበት፣ በእንግሊዝኛ የተሰደበ፣ በእንግሊዝኛ «ከዚህ ውጣ» የተባለ ሰው ባሪያ ነጋዴ ያልነካው ቋንቋ ፈለገና የእኛን አገኘ። ስለዚህ ኢትዮጵያ ሲሉ ስለ ጎጃም ጤፍ ወይም ስለ አርሲ ገብስ መረጃ እየሰጡ አልነበረም፤ ማንም ቡልዶዘር የማይነዳበት ቦታ ስም እየጠሩ ነበር። ያን ስም ካርታ ላይ ፈልገን «ይኸው እኛ ነን» ማለታችን የዋህነት ነው። ትንሽ ስስትም አለበት።

በጭላሎ በኩል ሲታይ

አሁን ወደ ተቆጣው ወገን ልመለስ፤ ክሱ ቀላል አይደለምና። ዶናልድ ማኒንግ የነጻነት ቋንቋ አድርጎ የመረጠው አማርኛ በዚያው ዘመን ለአርሲ ኦሮሞ ጭሰኛ የፍርድ ቤት ቋንቋ ነበር። ስለ ማሳው ሲከሰስ ክሱን በአስተርጓሚ ይሰማል፣ መሸነፉንም በአስተርጓሚ ይሰማል። አሩሲ ጠቅላይ ግዛት የሰፊ ርስት አገር ነበር፤ ከ1870ዎቹ ዘመቻ በኋላ መሬቱ ለሹመኛ፣ ለወታደርና ለባላባት ተደለደለ፣ አራሹ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

በዚያ ዘመን አውድማው ላይ ይሆን የነበረውን እንመልከት። ስንዴው ተወቅቶ፣ በመንሽ ለነፋስ ተበትኖ፣ ክምሩ ከተስተካከለ በኋላ ገበሬው አንዲት ቁና እንኳ ወደ ቤቱ አያስገባም። የባለርስቱ ወኪል እስኪመጣ ይጠበቃል፤ አንዳንዴ ዝናብ እያንዣበበ። ወኪሉ ሲደርስ በቅድሚያ አሥራቱ ይወጣል። ከተረፈው እንደ ውሉ እኩሌታው ወይም ሲሶው ለባለርስቱ ይሰፈራል። ዘር የተበደረ ከሆነ እሱም ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ የቀረው የገበሬው ነው። ወኪሉ የሚያርፍበት ቤት፣ የሚታረድለት በግ፣ የባለርስቱን እህል እስከ ጎተራው የማድረሱ ጉልበት በውሉ ላይ አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

አቢሲኒያንስ ሊመሠረቱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ሕዝቡ ካዱ ይለዋል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፣ የስንዴ ምርት በእርግጥም አደገ፤ ቁሉምሳ ዛሬም የስንዴ ምርምር ማዕከል የሆነው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ድርጅቱ የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። ነገር ግን ስንዴ የሚያዋጣ መሆኑን ያየ ባለርስት ሲሶ ከመቀበል ሁሉንም ራሴ ላርስ አለ፤ ትራክተር ገዛ፣ ኮምባይነር ተከራየ፣ ጭሰኛውን አስነሣ። የጭላሎ ቆላና ወይናደጋ ሜዳ፣ እነ ኢተያ አካባቢ፣ ለትራክተር የተመቸ ነበርና መፈናቀሉ እዚያ በረታ። የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነትን የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ቀርቦ ነበር፤ አብዛኞቹ እንደራሴዎች ራሳቸው ባለርስቶች ስለሆኑ ሳይጸድቅ ቀረ። ተማሪዎች ትራክተሩ ከመምጣቱም በፊት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በባዶ ሜዳ አልነበረም።

እንግዲህ የቀኑን አቆጣጠር ጎን ለጎን ስናየው ይገርማል። ቡልዶዘሩ ኪንግስተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ትራክተሩ ጭላሎ ላይ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ። ኪንግስተን ላይ የተነቀለው ሰው ተስፋውን በአንድ ንጉሥ ላይ ጣለ፤ ጭላሎ ላይ የተነቀለውን ሰው የነቀለው የዚያው ንጉሥ ሥርዓት ነው። ተቆጪው ወገን ይህን ሲል ልክ ነው፤ እኔም አልከራከረውም። የምከራከረው ከዚህ ተነሥቶ ዘፋኞቹን የባለርስቱ አዝማሪ ሲያደርጋቸው ነው። አዝማሪ ይከፈለዋል፣ ግብር ቤት ይገባል። እነዚህ ሰዎች ከቤተ መንግሥት ሳንቲም ያላገኙ፣ ለገዛ ቴፓቸው 90 ፓውንድ የከፈሉ ናቸው። ጭላሎ የሚባል ተራራ መኖሩን አያውቁም ነበር፤ የጭሰኛውን ጩኸት ሊሰሙ የሚችሉበት ጋዜጣም ሬዲዮም አልነበረም። የእኛው ጋዜጦች እንኳ አልጻፉትም።

አለማወቅ ሁሉን ያነጻል ማለቴ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ፣ የወሎ ረኃብ በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ፣ አብዮቱም ከፈነዳ ወዲያ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚዘፍን ሰው መስማት የሚገባው ነገር ነበረ። ብዙው የሬጌ ዓለም ጆሮውን ደፈነ፤ ይህ ትችት ይገባዋል። ግን ትችቱ እነርሱን የሚያሳጣው የታሪክ ዕውቀትን ነው፤ ቅሬታቸውን ሐሰት አያደርገውም።

አምስቱ ጋሻ

በአርሲ በኩል ይህን ክርክር ከወሬ አሳልፎ የሥጋና የደም ጉዳይ የሚያደርገው ሻሸመኔ ነው። እዚህም አንድ የተስፋፋ ስሕተት አለ፤ መሬቱ «ለጃማይካዎች» ወይም ጭራሽ «ለቦብ ማርሌ» የተሰጠ የሚመስለው ብዙ ነው። በ1940ዎቹ አምስት ጋሻ መሬት የተሰጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁር ሕዝቦች ነው፤ በእነርሱ ስም የተቀበለውም ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። መጀመሪያ የሰፈሩት ባልና ሚስት ራስ ተፈሪያን አልነበሩም። ጃማይካውያኑ በብዛት የመጡት ከንጉሡ ጉዞ በኋላ ነው፤ ቦብ ማርሌ የጎበኘው ደግሞ ደርግ ሥልጣን ላይ ሳለ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው።

ያ መሬት ያኔ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበር፤ ዛሬ ምዕራብ አርሲ ዞን ነው። መሬት ከላይ ሲሰጥም ከላይ ሲነሣም ገበሬ የሚማከርበት ሥርዓት አልነበረም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ቅሬታ መሠረት አለው፤ አድራሻው ግን ሰጪው እንጂ ተቀባዩ አይመስለኝም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ የጋራ ሀብት ሲሆን የሰፋሪዎቹም ጋሻ አብሮ ተወረሰ። ወደ ጽዮን የመጡት ሰዎች በአንድ አዋጅ ከጭላሎ ባለርስት ጋር እኩል ተሰለፉ። መሬት ተሰጥቶሃል ተብሎ የመጣ ሰው እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚሰማው አርሲ ውስጥ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ሰው እዚህ መሬት ሲወረስበትም ሲሰጠውም ኖሯል። ልጆቻቸው እዚያው ተወልደው ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገሩ፣ ዜግነት ሳይኖራቸው አሥርት ዓመታት አለፉ። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው።

ኩሩው ወገን እዚህ ላይ ዝም ይላል። ዘፈኑን ለቱሪስት ማስታወቂያ፣ ለመስቀል አደባባይ ኮንሰርት ይፈልገዋል፤ በጥር 1997 ዓ.ም. ለቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል አደባባዩ ሲጥለቀለቅ ያልተደሰተ አልነበረም። ዘፈኑን አምኖ ሻንጣውን ይዞ የመጣው ሰው ግን ቀበሌ ደጅ ሲጠና አላየውም። ምስጋናው ለእኛ ከነበረ የአመስጋኙን የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ መጠየቅ ነበረብን። አለመጠየቃችን ራሱ ምስጋናውን የምንወድደው ለጌጥ መሆኑን ያሳብቃል።

ከአቢሲኒያንስ አንድ ዘፈን ለአሰላ አድማጭ ምረጥ ብባል «ሰጠ አመሰገነ»ን አልመርጥም፤ ውበቱ ሳይጠፋኝ። የምመርጠው «ዴክላሬሽን ኦፍ ራይትስ»ን ነው። እሱ ውስጥ የንጉሥ ስም የለም፣ ሩቅ አገርም የለም። ከገዛ ሥልጣኔያቸው ተነጥቀው በሰው እርሻ ላይ በባርነት እንዲሠሩ መደረጋቸውን ይናገራል፣ እርስ በርስ መናከሱን ትታችሁ ለመብታችሁ ተነሡ ይላል። በዘፈኑ ውስጥ ያለው እርሻ የሸንኮራ ነው፣ የእኛው የስንዴ ነበር። ኪንግስተን ላይ ያን የዘፈኑት ሦስት ሰዎችና በዚያው ዘመን ኢተያ ሜዳ ላይ ትራክተር እየተመለከተ ዕቃውን በአህያ የጫነው ጭሰኛ ቢገናኙ በቋንቋ አይግባቡም ነበር፤ በንጉሡም ይጣሉ ነበር። በዚህ ዘፈን ግን የሚጣሉበት መስመር ፈልጌ አላገኘሁም።